ጉሬዛ ያመጣው ካርድ

ቅረቡ ልጆች፣ ትልልቆቻችሁም ቅረቡ። በተለይ ትልልቆቻችሁ! ይህ ተረት የልጆች ይመስላል እንጂ ነገሩ የሚነካው እናንተን ነው። እኔ «ተረት» ስል እናንተ «አምጣው» በሉ። ተረት! አላችሁ? በሉ እንግዲህ ስሙ።

ድሮ፣ አውሬው ሁሉ አፍ አውጥቶ ሲናገር፣ ዕቃውም እንደ አውሬው ሲያወራ፣ በአንድ ገደል ሥር አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ። ጣሪያው የሾላ ዛፍ፣ ወንበሩ ድንጋይ፣ ግድግዳው አለት ነው። አለቱ ላይ እዚህም እዚያም ስንጥቅ አለ። ስንጥቁ ሽኮኮ ያስገባል፣ ጥንቸል ያስገባል፣ የጦጣ ልጅ ያስገባል። ነብርን ግን ራሱን እንኳ አያስገባም። ትምህርት ቤቱ እዚያ የተተከለው ለዚህ ነበር።

አስተማሪዋ እትዬ ጃርት ነበረች። እሾኳ ብዙ፣ ቁጣዋ ቅርብ፣ ልቧ ግን ደግ። ትምህርቱም ሦስት ብቻ ነው። ጠዋት ጆሮ ይማራሉ፣ ረፋዱ ላይ አፍንጫ ይማራሉ፣ ከሰዓት በኋላ እግር ይማራሉ። ነብር ሲመጣ ቅጠሉ ምን ይላል? ነብር ሲቀርብ ነፋሱ ምን ይሸታል? ነብር ሲደርስ በየት ይሮጣል? ይኸው ነው። ይህን የጨረሰ ተመረቀ ይባላል።

አንድ ልማድም ነበራቸው። ሌሎቹ ሲማሩ አንድ ልጅ በየተራ ከክፍሉ በላይ ካለው ጠፍጣፋ አለት ላይ ይወጣና ይጠብቃል። ተረኛ ይሉታል። ተረኛው ነብር ሲያይ ያፏጫል። ፉጨቱ ሲሰማ ልጁ ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ስላፏጨ «ጎበዝ» የሚባል የለም። ስለሮጠ የሚሸለም የለም። ማታ ሁሉም ቤቱ ይገባል፣ እናቱ ትልሰዋለች፣ በቃ።

ከተረኞቹ ሁሉ የሚያስቀናው የሽኮኮዋ የወለላ ፉጨት ነበር። ወለላ ትንሽ ናት፣ ክብ ናት፣ ጭራ የላትም። ስታፏጭ ግን ገደሉ ፉጨቷን ተቀብሎ መልሶ ይሰጣታል። ያን ጊዜ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ሞቅ ይልባታል። ተራዋን ትወደው ነበር። የሌላውን ተራ ሳይቀር «እባክህ ስጠኝ» እያለች ትለምን ነበር። ለምን እንደምትወደው የጠየቃት የለም፣ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም።

እንዲህ ሲኖሩ የገደሉ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና «ትምህርት ቤት ያለ ዲሬክተር ምን ትምህርት ቤት ነው?» ብለው ጉሬዛን ሾሙ። ለምን ጉሬዛን? ካባ ስላለው ነዋ! ከትከሻው እስከ ጎኑ የሚወርድ ነጭ ጸጉር፣ ከኋላው የሚንዠረገግ ነጭ ጭራ። ሌላ ምን ይጠየቃል? ካባ የለበሰ ሁሉ ያውቃል ብለው ገመቱ። ጉሬዛም እነሱ ሲገምቱ አይቶ እርሱም ስለ ራሱ እንደዚያው ገመተ።

አንድ ቀን ጉሬዛ ወንዙን ተሻግሮ ለሥልጠና ሄደ። ሲሄድ ባዶ እጁን ነበር። ሲመለስ ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ መዝለሉን ትቶ በዝግታ እየተራመደ መጣ።

«ተሞክሮ ቀስሜ መጥቻለሁ!» አለ።

«ምን ቀሰሙ ጋሼ?» አለች እትዬ ጃርት።

«ካርድ!»

ከረጢቱን ዘረገፈው። ከደረቀ የኮባ ቅጠል እኩል እኩል የተቆረጡ፣ በከሰልና በቀይ አፈር የተሣሉ ካርዶች መሬቱን ሞሉት። አንዳንዱ ላይ አይጥ አለች። አንዳንዱ ላይ ቀበሮ አለች። ጥቂቶቹ ላይ ደግሞ ጎፈሩን የነሰነሰ አንበሳ አለ።

«ሰብስቡኝ!» አለች አይጧ ካርድ።

«አይጧን የያዘ እኔን መፈለጉ አይቀርም» አለች ቀበሮዋ ካርድ።

ባለ ጎፈሩ ካርድ ግን ጊዜ ወስዶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔን ያላገኘ ምንም አላገኘም» አለ። ቅጠል ነው እኮ! ነፋስ ቢመጣ የት እንደሚደርስ የማያውቅ ቅጠል! ልጆቹ ግን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ ያለዚህም ይማራሉ» አለች እትዬ ጃርት።

«ያለ ማበረታቻ?»

«ነብሩ አይበቃቸውም?»

«ነብር ማስፈራሪያ ነው እትዬ» አለ ጉሬዛ ራሱን እየነቀነቀ። «ዛሬ ማስፈራራት ቀርቷል።»

«መቅረቱን ነብሩ ሰምቷል?»

ጉሬዛ ጉንጩን አከከ። «የሚመለከተው ክፍል ያሳውቀዋል» አለ።

መጀመሪያ አይጧ ወጣች። «በክፍል ውስጥ እጁን ላወጣ ሁሉ አንድ አይጥ!» ተባለ።

እትዬ ጃርት ጠየቀች፦ «ነብር ሲቀርብ ነፋሱ ምን ይሸታል?»

ክፍሉ እጅ በእጅ ሆነ። ከሁሉም በላይ ጥንቸሉ ሸጋው ሁለቱንም እጁን አውጥቶ ይዘላል። ሸጋው ቀልጣፋ ልጅ ነው፣ ሲሮጥ ዓይን አይዘውም፣ መወደስም ይወዳል።

«እሺ ሸጋው።»

«ይሸታል!»

«ምን ይሸታል?»

«በቃ ይሸታል እትዬ!»

ጉሬዛ ከኋላ ሆኖ አጨበጨበ። «ተሳትፎ! ተሳትፎ ማለት ይህ ነው!» ብሎ ለሸጋው አይጧን ሰጠው።

«መልሱን እኮ አላወቀውም» አለች እትዬ ጃርት።

«መልሱ በኋላ ይደርሳል። እጁ ወጥቷል አይደል?»

ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ምን እንደሚሸት ጉዳዬ ያለ ተማሪ አልነበረም። እንቅልፍ ላይ ያለው ሳይቀር እጁን አውጥቶ ይተኛ ጀመር። ጠመኔዋ ሰሌዳውን «አንተ፣ እኔ ለምንድን ነው የምፋቀው?» አለችው። ሰሌዳው «እኔስ ለምንድን ነው የምቆሽሸው?» አላት።

ወለላም አይጥ ካርድ አገኘች። ምን ይዋሻል፣ ደስ አላት! ከደረቁ ሣር መኝታዋ ሥር ደብቃ ጠዋት ጠዋት ታያት ነበር። አይጧም «ብቸኛ ነኝ፣ ጓደኛ አምጪልኝ» ትላታለች። ወለላ ጓደኛ አመጣችላት። አይጦቹ ሁለት ሆነው «አሁንም ብቸኞች ነን» አሏት።

ቀጥሎ ቀበሮዋ ወጣች። «ተረኛ ሆኖ ላፏጨ አንዲት ቀበሮ!» ተባለ።

ወለላ ይህን ስትሰማ በደስታ ከድንጋዩ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ፉጨት የእሷ አይደለም እንዴ? ተራዋ ሲደርስ አለቱ ላይ ወጥታ ቁጥቋጦውን፣ ሣሩን፣ የወንዙን ዳር ስታይ ዋለች። ነብር አልመጣም። ስላልመጣም አላፏጨችም። ስላላፏጨችም ቀበሮዋን አላገኘችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነብር ያልመጣበት ቀን ጥሩ ቀን ይባል ነበር። ያን ቀን ግን ወለላ አቀርቅራ ወረደች።

በማግስቱ የጦጣው ልጅ ተረኛ ሆነ። ደመና አየና አፏጨ፣ ቀበሮ ተሰጠው። ጅግራ አየና አፏጨ፣ ቀበሮ ተሰጠው። የራሱን ጭራ አየና አፏጨ፣ አሁንም ቀበሮ ተሰጠው። ልጆቹ ስንጥቅ ሲገቡ ሲወጡ፣ ሲገቡ ሲወጡ፣ እግራቸው ተላላጠ። እትዬ ጃርት «ጭራውን አይቶ ነው እኮ!» ብትል ጉሬዛ «ንቃቱ ነው የሚሸለመው» ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አላት።

«ወለላ፣ ፉጨትሽ ዛገ እንዴ?» አላት የጦጣው ልጅ ቀበሮዎቹን እያራገበ።

ያ ነገር ከነከናት። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ተራዋ እንደገና ሲደርስ ከሾላው ላይ አንዲት ቅጠል ወደቀች። ነብር እንዳልሆነች ወለላ ታውቃለች። ቅጠልን ከነብር ለመለየት ትምህርት አያስፈልግም። አፏጨች። ልጆቹ ሮጡ፣ ጉሬዛ አጨበጨበ፣ ቀበሮዋ መጣች። ሆዷ ግን እንደ ድሮው አልሞቀም። ገደሉ ፉጨቷን ሲመልስላት የሌላ የማታውቀው ፍጥረት ድምፅ መሰላት። አፈረች፣ ግን ቀበሮዋን አልመለሰችም።

ነብሩ ከወንዙ ማዶ ተጋድሞ ይህን ሁሉ ይሰማል። ሆዱ ከጀርባው ተጣብቋል። ዕድሜ ልኩን ያ ፉጨት ምሳውን ሲያስመልጥበት ኖሯል። «እኔ እዚህ ተኝቻለሁ፣ እነሱ እዚያ ይሮጣሉ። በሽታ ገባባቸው እንዴ?» አለ። ቢጠብቅ እንደሚሻለው አሰበና ራሱን እጁ ላይ አሳረፈ።

ልጆቹ ስንቴ ይሩጡ? መጀመሪያ እየሮጡ ይገቡ ነበር። ቆይተው እየተራመዱ መግባት ጀመሩ። ኋላ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ «ማነው ቀበሮ የደረሰው?» ብቻ ማለት ሆነ። ጉሬዛም አቧራው ካባውን አቆሽሾበት ፊቱ ጠቁሯል። ችግሩን ያመጣው ካርድ መሆኑን እንኳን ሊያምን ሊያስበውም አልፈለገም። ለፉጨቱ ጫጫታ መድኃኒቱ ሌላ ካርድ ነው አለ።

እናም በመጨረሻ ባለ ጎፈሩ ወጣ።

«ነገ የጸጥታ ቀን ነው!» አለ ጉሬዛ። «ከጠዋት እስከ ማታ ትንፍሽ ያላለ ባለ ጎፈሩን ይወስዳል!»

ክፍሉ ተንጫጫ። ባለ ጎፈሩ! እስካሁን ለማንም አልተሰጠም። ሸጋው አይጥ በአይጥ፣ ቀበሮ በቀበሮ ሆኖ የቀረው እርሱ ብቻ ነው። ወለላም የቀራት እርሱ ነው።

«ተረኛውስ?» አለች እትዬ ጃርት።

«ተረኛም ተማሪ ነው። የመሸለም መብት አለው።»

«ነብር ቢመጣስ?»

«በጸጥታ ያሳውቅ።»

እትዬ ጃርት እሾኳ ሁሉ ቆመ። «በጸጥታ? ፉጨት በጸጥታ?» አለች። ጉሬዛ ካባውን አራግፎ ሄደ።

በማግስቱ ተረኛዋ ወለላ ነበረች። ያ ቀን ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ምጥን ትምህርት የጀመረበት ቀን ነው። ምጥን ከእሷም ያንሳል። መንገዱን ሙሉ ጥንዚዛ ሲያሳድድ ነው የመጣው። እናታቸው ከዋሻው በር ቆማ «ወለላዬ፣ ወንድምሽን አደራ» ብላታለች። ወለላም «እሺ እማዬ፣ ዓይኔን ከእሱ ላይ አልነቅልም» ብላለች።

ጉሬዛ አንዱን ባለ ጎፈር ካርድ ሁሉም እንዲያየው ብሎ ጠፍጣፋው አለት ላይ፣ ከወለላ አጠገብ፣ በጠጠር አስደግፎ አቆመው። ክፍሉ ጸጥ አለ። የአንደኛ ክፍል ልጅ አያስልም፣ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ጎኑን አያክም። እትዬ ጃርት ብቻ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች። ጉሬዛ በረድፎቹ መሃል እየተንጎራደደ «እንዲህ ነው ትምህርት ቤት!» ይላል በሹክሹክታ።

ነብሩ ከማዶ ሆኖ ጆሮውን አቆመ። ፉጨት የለም። ሩጫ የለም። «ዛሬ ትምህርት ዘጉ እንዴ?» አለና ለማየት ተነሣ።

ወለላ ከቁጥቋጦው መሃል ጆሮ አየች። ከንፈሯን አሾለች።

«ተይ» አላት ባለ ጎፈሩ ካርድ።

«ጆሮ አየሁ!»

«ጆሮ ብቻውን ምን ያደርጋል? ትንሽ ታገሺ። ካፏጨሽ የአንቺ አልሆንም።»

ወለላ ታገሠች። ከሣሩ በላይ ጠቃጠቆ ያለው ጀርባ ብቅ አለ። እንደገና ከንፈሯን አሾለች።

«ተይ አልኩሽ» አለ ባለ ጎፈሩ።

«ጀርባው ነው! ነብር ነው!»

«ቢሆንስ? እኔ ማን ነኝ? አንበሳ አይደለሁም? እኔ ከጎንሽ ቆሜ ነብር የት አባቱ ይደርሳል? ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ጥቂት ነው የቀረሽ።»

ወለላ ወደ ታች አየች። ምጥን አፉን ከፍቶ ጥንዚዛ ያያል። ወደ ካርዱ አየች። ጎፈሩ በቀይ አፈር የተሣለ ነው፣ ያምራል። ልቧ ለሁለት ተከፈለ። ይህን ስነግራችሁ አትሳቁባት። እናንተም እዚያ ብትቀመጡ ያንን ካርድ ታዩት ነበር።

ነብሩ ከክፍሉ ጥግ ደረሰ። አፉን ከፈተ፣ ጥርሱ ታየ።

«ተይ» አላት ባለ ጎፈሩ ለሦስተኛ ጊዜ። «አሁን ብታፏጪ የእስካሁን ዝምታሽ ሁሉ ከንቱ ነው።»

«ወንድሜ እዚያ ነው!» አለች ወለላ፣ እናም አፏጨች።

ገደሉ ፉጨቷን ተቀብሎ መለሰላት። እንደዚያ ተፏጭቶ አያውቅም። እንዲያ ያለ ፉጨት ድንጋይ ያስሮጣል።

የሮጠ የለም።

የክፍሉ ራስ ሁሉ ወደ ጉሬዛ ዞረ። «ጋሼ፣ ለዚህኛው ምን አለው?» አለ አንዱ። «ቀድሞ ለገባ ባለ ጎፈሩ ይሰጣል ጋሼ?» አለች ሌላዋ። «ለመሮጥ ስንት ካርድ ነው?» አለ የጦጣው ልጅ።

ጉሬዛ ከረጢቱን ከፈተ። አይጧ ለእጅ ማውጣት ናት። ቀበሮዋ ለፉጨት ናት። ባለ ጎፈሩ ለዝምታ ነው። ነፍስን ለማዳን የተሠራ ካርድ በከረጢቱ ውስጥ አልነበረም።

«ቆዩ፣ ቆዩ» አለ። «ለሩጫ ገና መመሪያ አልወጣም። ደግሞ ማነው ያፏጨው? ወለላ! ተሰርዘሻል!» ብሎ ዞር ሲል ነብሩን አየው።

ጉሬዛ መመሪያ አልጠበቀም። ካርድ አልጠየቀም። እጁንም አላወጣም። ካባውን ሰብስቦ፣ ከረጢቱን ጥሎ፣ በአንድ ዝላይ የሾላው ጫፍ ላይ ተሰቀለ። ያን ያህል ቀልጣፋ መሆኑን እስከዚያን ቀን ያየ አልነበረም።

አንድ ተማሪ ብቻ ገና ፉጨቱ ሳያበቃ ሮጦ ስንጥቅ ውስጥ ገብቷል። ምጥን ነው። የመጀመሪያ ቀኑ ስለነበረ ምንም አልተማረም።

«ሩጡ!» ብላ ጮኸች እትዬ ጃርት። «ካርድ የለውም! ዝም ብላችሁ ሩጡ!» እሾኳን አቁማ በነብሩና በልጆቹ መሃል ገባች። ያኔ ልጆቹ ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ተደናብረው ሮጡ። ነብሩ ወደ ቀኝ ሲል እሾክ፣ ወደ ግራ ሲል እሾክ ሆነበት። አንዱ እየገፋ፣ ሌላው እየተገፋ ሁሉም ወደ ስንጥቁ ገቡ።

ከሸጋው በቀር።

ሸጋው ከሁሉም ቀድሞ ነበር የደረሰው። እግሩማ እግር ነው! ነገር ግን ካርዶቹን በሁለት እጁ አቅፏል። የተቆለለው ካርድ ወደ ስንጥቁ አላስገባው አለ። በወርዱ ሞከረ፣ በቁመቱ ሞከረ።

«ጣለው!» አለችው ወለላ ከአለቱ ላይ። «ሸጋው፣ ካርዱን ጣለው!»

«አንድ ብቻ እኮ ነው የቀረኝ!» አለ ሸጋው።

ከዚህ በኋላ የተናገረው የለም። ነብሩ እትዬ ጃርትን ዞሮ መጣና ከኋላው አነሣው።

ሲመለስ በጠፍጣፋው አለት ሥር አለፈ። ባለ ጎፈሩ ካርድ ከጠጠሩ ተንሸራቶ መንገዱ ላይ ወድቆ ነበርና ነብሩ ረገጠው። «እኔ አንበሳ ነኝ» አላለም። ጭጭ አለ፣ ከነብሩ መዳፍ ሥር እንደ ማንኛውም ቅጠል ተጨማደደ። ነብሩም ሳያየው ሄደ።

ወለላ አለቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ወንድሟ ተርፏል፣ ያም አላጽናናትም።

ጉሬዛ ከዛፉ የወረደው ነብሩ ወንዙን መሻገሩን ካረጋገጠ በኋላ ነው። ወርዶ ምን አደረገ? ልጆቹን ቆጠረ? የለም! ካርዶቹን ለቀመ። የሸጋውን ከስንጥቁ አፍ አንድ በአንድ አነሣ፣ አራገፈ፣ ቆጠረ። «ተመስገን፣ አንድም አልጎደለም» አለ።

በማግስቱ ሁሉንም ሰበሰበ። ፊቱን አሳዝኖ፣ ካባውን አበጥሮ ቆመ። «ኮከብ ተማሪያችንን አጥተናል» አለ። «መታሰቢያ ይሆነው ዘንድ አዲስ ካርድ አዘጋጅቻለሁ።» አወጣውና ከፍ አድርጎ አሳየ። ካርዱ ላይ ጥንቸል ተሥሏል። ሸጋው ነው። «ባለ ሸጋው ካርድ! ከባለ ጎፈሩ ይበልጣል! ከእንግዲህ ቀድሞ ለሮጠ የሚሰጠው ይህ ነው!»

ልጆቹ «ኡኡኡ!» አሉ። ኀዘን እንዳይመስላችሁ። ዓይናቸው ካርዱ ላይ ነበር። የጦጣው ልጅ «ስንት አሉ ጋሼ?» ብሎ ጠየቀ።

«ወለላ ደግሞ» አለ ጉሬዛ፣ «ስላፏጨሽ ስረዛሽ ተነሥቶልሻል። ነይ ባለ ጎፈሩን ውሰጂ።»

የተጨማደደው ካርድ ከእጁ ላይ ሆኖ «ይኸው አገኘሽኝ!» አላት። አፉ ተመልሶለት ነበር። ወለላ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም።

በዚህ መሃል የሸጋው እናት መጣች። ጥንቸሎች ሲያዝኑ ድምፅ የላቸውም። በልጆቹ መሃል አለፈችና ከጉሬዛ ፊት ቆመች። ጉሬዛም «እናት፣ የመጀመሪያው ለእርስዎ ነው» ብሎ ባለ ሸጋውን ካርድ በሁለት እጁ አቀረበላት።

ተቀበለችው። ገልብጣ አየችው፣ መልሳ አየችው።

«አይቼው ነበር!» አለች ወለላ ድንገት። ተነሥታ ነበር። «ነብሩን ሦስት ጊዜ አይቼው ዝም አልኩ። ካርዱን ፈልጌ ነው። እናቱ፣ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ!»

የሸጋው እናት ወደ ወለላ ቀረብ አለች። «አንቺ ልጅ ነሽ» አለቻት። «ዝም በዪ ተባልሽ፣ ዝም አልሽ። ልብሽ ግን እምቢ ብሎሽ አፏጨሽ። እዚህ ትልቅ የሚባለውን ነው የምጠይቀው።» ከዚያ ወደ ጉሬዛ ዞረች። «ለመሆኑ ልጄን ምን አስተማርከው?»

ጉሬዛ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሸጋው በተነሳሽነቱ፣ በተሳትፎው፣ በስብስቡ ከሁሉም የላቀ...»

«ምን አስተማርከው?»

«አንድ ካርድ ብቻ ነበር የቀረው...»

«ምን አስተማርከው?» አለች ለሦስተኛ ጊዜ። «ልጄ ወደ አንተ ሲመጣ መሮጥ ይችል ነበር» አለች።

የኮባ ቅጠሉን እግሩ ሥር አስቀምጣ ሄደች። ልጆቹ ሁሉ ያን ካርድ አዩት። ማንም አላነሣውም። ኋላ ተራ በተራ ተነሥተው የያዙትን አይጥና ቀበሮ እያኖሩ ከእትዬ ጃርት ኋላ ተሰለፉ። እሷም ይዛቸው ወደ ሌላኛው የገደሉ ጎን ሄደች።

ጉሬዛ ብቻውን ቀረ። እናቶቹ ሊያናግሩት ሲመጡ ዛፍ ላይ ወጣ። አልወረደም። ዛሬም ጉሬዛን ዛፍ ላይ እንጂ መሬት ላይ የምታዩት ስንቴ ነው? ቅርንጫፉ ላይ ካባውን ዘርግቶ ቁጭ ብሎ ቅጠል ይበጥሳል፣ ያያል፣ ይበላል። ካርድ እያዘጋጀ ነው የሚሉም አሉ። ሽኮኮ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለት ላይ ወጥቶ ያፏጫል፣ ዘመዶቹም ሰምተው ይሮጣሉ። ማንም ለማንም ምንም አይሰጥም።

ተረቴን ጨረስኩ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ ውኃ ያለው ያቀብለኝ። ደህና አድርጋችሁ አዳምጣችኋል። ካርድ ግን የለኝም፣ እጃችሁን አውርዱ። ልጅን ለገዛ ነፍሱ ዋጋ መጠየቅ ካስተማራችሁት፣ ዋጋውን የሚነግረው ነብር ነው።